ውቢት ሕንፃ ስትገዛ

ሚስቴ ውቢት የሆሳዕና ገበያ በደንብ የሚያውቃት የቂቤ ነጋዴ ናት። ከሆመቾና ከዳምቦያ ትሰበስባለች፤ እኔ በአይሱዙዬ አዲስ አበባ አደርስላታለሁ። ቂቤ ስትገዛ ላዩን አይታ አታምንም። እንጨት መሃሉ ድረስ ትከትና ከጫፉ ትቀምሳለች። ሻጮቹ ይነጫነጫሉ፤ እሷ ግን ጉዳይዋም አይደል።

አምና ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ለሽያጭ ቀረበ። ባለቤቱ አቶ ይበልጣል ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ልጆቻቸው ጋ ሊገቡ ነው። ለአሥራ ሁለት ክፍል አሥራ ሁለት ሚሊዮን ጠየቁ። እሑድ ከቸርች ስንመለስ ደላላው አስጎበኘን። በየመስኮቱ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ "ሁሉም ተከራይቷል" አለን። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ከተማውን ሳይ ልቤ ቀለጠ። ያለን ዘጠኝ ሚሊዮን ስለነበር አይሱዙዬን ልሸጥ ቆረጥኩ። ያ መኪና እጄም እግሬም ነው፤ እንዴት እንደጨከንኩበት አሁንም ይገርመኛል።

ውቢት ግን ማክሰኞ ቂቤዋን በሳፋ ይዛ ብቻዋን ሄደችና የሕንፃውን በሮች ታንኳኳ ጀመር። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ያሉት ከፍተው ገዟት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ካሉት አራት ክፍሎች ግን አንዱም አልተከፈተም።

"እትዬ፣ እላይ ሰው የለም እኮ" አለቻት ገነቴ የምትባል ተከራይ። "ውሃ አይደርስም። ጀሪካን ተሸክሞ ማን ይወጣል? መጋረጃውም የተሰቀለው ቅዳሜ ነው።"

በማግስቱ አቶ ይበልጣል ጋ ሄድን።

"ጋሼ፣ ዋጋውን ያሰቡት በአሥራ ሁለት ክፍል ኪራይ ነው" አለች ውቢት። "ኪራይ የሚያስገባው ስምንቱ ነው። ለቀሪው ውሃ አስገብቼ የማከራየው እኔ ነኝ፤ የራሴን ድካም ከእርስዎ አልገዛም። ስምንት ሚሊዮን እከፍላለሁ።"

"ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገዢ አለኝ" አሉ።

ሕንፃው ሊያመልጠን ነው ብዬ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ ባደርጋት ነጠላዋን አስተካክላ "እንግዲያው ይቅናዎት" ብላ ተነሳች። ቤት እስክንገባ አኮረፍኳት።

ሳምንት ሳይሞላ ራሳቸው ደወሉ። የውሃ መሳቢያውን እሳቸው ሊያስገቡ፣ በዘጠኝ ተስማማን። ኮራሁባት፤ መናኸሪያ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው የለም።

ውል የተዋዋልን ቀን ጸሐፊው ቀና ብሎ እኔን አየና "ገዢው እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

"ገዢዋ እሷ ናት" አልኩት፣ ኪሴ ውስጥ የአይሱዙዬን ቁልፍ እየዳሰስኩ። "እኔ ሾፌሯ ነኝ።"