የጋሽ ደምሴ ቦታ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ አንድ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ፣ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራር መጣና እኔን አስተባባሪ አድርገው ሾሙኝ። ሥራዬ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ መስጠት ነው። መዶሻ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ የመዶሻ ቅርጽ በቢጫ ቀለም እንሥላለን፤ መዶሻው ከጎደለ ወዲያው ይታያል።

የጥገናው ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ ግን አኮረፉኝ። ከምሳ በኋላ ማሽን ጀርባ ጋደም የሚሉባትን ካርቶን አንስቼባቸው ነበር።

"ለመፍቻ ቦታ ሰጥተህ እኔን ትነሳኛለህ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው፤ በፈጠረዎት አያዋርዱኝ!"

ገምጋሚዎቹ የመጡ ቀን ማሽኑ ጀርባ ስንደርስ፣ ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም የተጋደመ ሰው ተሥሏል፣ ኮፍያው ሳይቀር። ከሥሩ "ደምሴ፣ ከ7፡00 እስከ 7፡30" ይላል። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው መፍቻ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል።

ዋናዋ ገምጋሚ ሥዕሉን አዩ። ጋሽ ደምሴን አዩ። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ኮስተር ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዕቃው ለምን ቦታው ላይ የለም?"