የትርሲት ቅዳሜዎች

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለነፍስ አባቴ ደግሞ እስከ ዛሬ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንስሐ ስገባ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝርና ይህችኛዋ ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። ቁጣዬን እናዘዛለሁ፤ ጾም መሻሬን እናዘዛለሁ። ይህችን ግን ምላሴ ሥር ደብቄያት እወጣለሁ። ዛሬ አንባቢዬ፣ በእሳቸው ወንበር የማስቀምጠው አንተን ነው።

ያደረግሁትን በአጭሩ ልንገርህና ዝርዝሩን ኋላ ትሰማለህ። በአደራ የተሰጠችኝን የሰው ልጅ ስም አጠፋሁ። ያልዋለችበት ቦታ ዋለች ብዬ ለአባቷ ነገርኩት። ተሳስቼ አይደለም። እውነቱን እያወቅሁ ነው።

ናይሮቢ ከገባሁ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በሞያሌ በኩል ስገባ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ጊጊሪ በሚባል ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸካሚ ሆኜ ጀመርኩ። በቀን አሥር የእንግሊዝኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት እየገለበጥሁ፣ ምሳ ሰዓቴን ለዚያ እየሰጠሁ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ እስከመሆን ደረስኩ። የምጽፈውን ደብዳቤ ፈረንጆቹ ሳያርሙት ይፈርሙበታል። ማንም አላስተማረኝም፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳው አልፈቅድም ነበር። ቤቴ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነው። በቤቴ ሥርዓት አለ፤ ሥራ ፈት የለም፣ ዘፈን አይጮኽም፣ ቅዳሜ የጥናት ቀን ነው። ልጄ ማህሌት የተወለደችውም ያደገችውም እዚሁ ናይሮቢ ነው፤ እሷንም ያሳደግኋት በዚሁ ሥርዓት ነው። ሰዎች "እሱ ቤት የገባ ልጅ አይበላሽም" ይሉ ነበር። እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

የአዳማው ይርጋ አብሮ አደጌ ነው። አንድ ቀን ደወለልኝና "ትርሲት እንግሊዝኛዋን ካስተካከለች ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፋርማሲ መማር ትችላለች፤ ተቀብለዋታል፣ የሚጠይቋት የቋንቋውን ፈተና ብቻ ነው። ከአንተ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። አደራህን" አለኝ። እኔም "ልጅህ ልጄ ናት" አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ትርሲት መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፓርክላንድስ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ገባች፤ ትምህርቱ ዘጠኝ ወር ነው፣ ፈተናው መጨረሻ ላይ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሄዳ ትመለሳለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ተኳኩላ ባይሆንም ተጣጥባ፣ ጫማዋን ጠርጋ ትወጣለች። አንድ ቀን የመጻሕፍት ትርዒት፣ አንድ ቀን ድራማ፣ አንድ ቀን ከባሕር ዳርቻ የመጡ ሰዎች ውዝዋዜ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሽማግሌዎች ተረት የሚያወሩበት ግቢ። ሳይመሽ ትመለሳለች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነው። ባለቤቴ አበራሽ ሽንኩርት እየከተፈች "እስቲ ዛሬ ምን አየሽ?" ትላታለች፤ እሷም የሰዎቹን አነጋገር እያስመሰለች ታስቃታለች። ከቤቴ ሳቅ ይሰማ ጀመር። እኔ ግን ቅዳሜ የጥናት ቀን ነው ብዬ ነበር።

ጠየቅኋት። "የቤት ሥራ ነው አጎቴ" አለችኝ። አላመንኳትም። ወጥ ቤት ሳለች ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥቼ አነበብሁት። የሰው ቦርሳ ከፈትሁ፤ በቤቴ ማንም እንዳያደርገው የከለከልኩትን አደረግሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መምህርቷ በእጇ የጻፈችው ትእዛዝ ነበር፦ በየሳምንቱ ከከተማው ዝግጅቶች አንዱን ትሄጃለሽ፣ አንድ የማታውቂውን ሰው ጥያቄ ትጠይቂያለሽ፣ የሰማሽውን አንድ ገጽ ትጽፊያለሽ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በቅዳሜ የእሷ ጽሑፍ፣ ከሥሩም የመምህርቷ ቀይ እርማት። ሁሉንም አነበብሁ። ነውር የሚባል አንዲት መስመር አላገኘሁም። ይህን ልብ በልልኝ፤ ያን ቀን ሁሉን አውቄያለሁ።

ደብተሩን ማንበቤን አታውቅም። ግን ፊቴ እንዳልተፈታ አይታለች መሰለኝ፣ "ቅዳሜ ለምን አብረውኝ አይመጡም? ማህሌትንም እንውሰዳት" አለችኝ። ሄድኩ።

ከተማ መሃል ያለ አዳራሽ ነው። ድራማው በመሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነበር። እውነት ለመናገር መልካም ነበር። ሲያልቅ ተዋናዮቹ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ሕዝቡ አስተያየት መስጠት ጀመረ። ትርሲት እጇን አውጥታ ጠየቀች፤ ሰው ዞሮ አያት፤ አንደኛው ተዋናይ ረጅም መልስ ሰጣት። ከአጠገቤ አንድ ሸበቶ ኬንያዊ ተቀምጦ ነበር። ወደ እኔ ዞረና በእንግሊዝኛ "ለአንተስ ጥፋተኛው የትኛው ነው?" አለኝ። መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ፣ በጥሩ ቃላት። ተናገርኩ። ሰውዬው ጆሮውን አስጠጋና "ይቅርታ?" አለ። ደገምሁለት። "ይቅርታ፣ አልሰማሁህም" አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፤ ከፊታችን ያሉት ዞሩ። ሰውዬው በትሕትና ፈገግ ብሎ ትርሲትን አያት። እሷም እኔ ያልኩትን፣ ያንኑ ሐሳብ፣ በቀላል ቃላት ነገረችው። "እውነት ነው" ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሃያ ዓመት ገደማ በእንግሊዝኛ የማወራው ከወረቀት ጋር ብቻ ነበር። መጋዘን ውስጥ ሰዎች ለምን ሁልጊዜ በስዋሂሊ እንደሚመልሱልኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴን በጥፊ የተመታሁ ያህል ደነገጥሁ።

ማህሌት ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አፏን በእጇ ይዛ እየሳቀች "አባ፣ ሶሪ፣ ግን እንግሊዝኛህን በእንግሊዝኛ አስተረጎመችልህ እኮ!" አለች።

"ዝም በይ አንቺ" አለቻት ትርሲት። "እሳቸው የሚያውቁትን ቃል ግማሹን እኔ አላውቀውም።"

ወደ ቤት ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ጠጋ ብላ "አጎቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከእራት በኋላ ትንሽ ትንሽ በእንግሊዝኛ ብናወራ እኔም እለማመዳለሁ" አለችኝ። "እኔም እለማመዳለሁ" ያለችው ክብሬን ለመጠበቅ ነው። ይህም ገብቶኛል። ፊቴን አዙሬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

በንዴት አደረግሁት እንዳልል ማግስቱ እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ፣ ቆሜ አስቀድሻለሁ፣ ተመልሼ ተኝቻለሁ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ቢሮዬን ዘግቼ ለይርጋ ደወልኩ።

"ልጅህ ከእጄ ወጥታለች" አልኩት። "ቅዳሜ ቅዳሜ ጭፈራ ቤት ነው የምትውለው። ነገ አንድ ነገር ብትሆን እኔን እንዳትጠይቀኝ።"

ጭፈራ ቤት አልኩት። ቃሉን ማንም አፌ ውስጥ አላስገባውም። ለምን ይህን መረጥሁ? አባት ስለሆንሁ አውቃለሁ፤ አባት ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም።

እንዲጠይቀኝ ጠብቄ ነበር። የት ነው? ከማን ጋር? በዓይንህ አይተሃል? አንዱንም አልጠየቀኝም። "አንተ ካልክ አለቀ። ላካት" አለኝ። ያን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አልገመትኩም። መልሼ ደውዬ "ዋሽቻለሁ" ማለት እችል ነበር። ያን ቀን እችል ነበር፤ በማግስቱም፣ ትኬቷ እስኪቆረጥ ድረስ ባሉት አራት ቀናትም። አልደወልኩም። ፈተናዋ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ሻንጣዋን ስታዘጋጅ "አጎቴ፣ አባባ ምን ሰምቶ ነው?" አለችኝ።

"ናይሮቢ ሐበሻ ሞልቷል። ሰው አይቶሽ አውርቶ ይሆናል" አልኳት።

ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው፤ በማያውቁን ሰዎች ላይ የተለጠፈ። ለአበራሽም ይህንኑ ነገርኳት። እሷም "የማን ምላስ ነው ይህችን ልጅ የበላት? እግዜር ይይለት" ብላ ረገመች። አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ። ትርሲት ኤርፖርት ላይ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ስማ "ስላሳደሩኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ጉልበቴን አልነሳኋትም። አስበው፤ ስሟን ያጠፋሁት ሰው ቆሜ ጉልበቴን ተሳምኩ።

ከዚያ የሆነውን የሰማሁት በቁንጽል ነው። ዩኒቨርሲቲው ቦታዋን ለሌላ ሰጠው። ሁለት ዓመት ያለ እናቷ ከቤት እንዳትወጣ ተደረገ። "ናይሮቢ ሄዳ ተበላሽታ መጣች" የሚለው ወሬ ሰፈሩን ዞረ፤ ሊያገባት የጠየቀ አንድ መምህርም በዚሁ ምክንያት ቀረ። ዛሬ የአባቷን የቀለም ሱቅ ታስተዳድራለች። ሥራው ነውር የለበትም፤ እሷ የመረጠችው ግን አይደለም። እኔ ደግሞ በነዚህ ዓመታት የሰው ልጆችን ስለ ሐቅ ስመክር ኖሬያለሁ። ሽምግልና ተቀምጫለሁ። ባልና ሚስት "እውነቱን ተናገሩ" እያልኩ አስታርቄያለሁ።

ባለፈው ወር ማህሌት ኪጋሊ ለትምህርት ልትሄድ ተሰናዳች። የምታርፈው የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሰው ዘመዶች ቤት ነው፤ እኛ አናውቃቸውም። ይርጋ ይህን ሰምቶ ደወለ። አበራሽ "እኔም ልስማው" ብላ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረገችው።

"ወንድሜ" አለ ይርጋ፣ "የመረቅሁህ ምርቃት ይድረስልህ። አንተ ለልጄ እንደሆንክላት፣ ለልጅህም እንደ አንተ ያለ ሰው ይግጠማት።"

አበራሽ "አሜን፣ አሜን" አለች። እኔ አልቻልኩም። ማህሌትን በዚያ በማላውቀው ቤት፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ፊት ቆማ አየኋት። አበራሽ በክርኗ ነካችኝ፤ "አሜን በል እንጂ።"

"ሄሎ? ጠፋህ እንዴ?" አለ ይርጋ።

"ኔትወርክ ነው" አልኩት። እዚያም ዋሸሁ።

ሲዘጋ ለአበራሽ ሁሉን ነገርኳት። አልጮኸችም። ለሦስት ቀን ምግብ እያቀረበችልኝ ከእኔ ጋር ግን አልበላችም። በአራተኛው ቀን "ለእኔ መናገርህ ምን ይሠራላታል?" አለችኝ። ልክ ናት። ለትርሲት ደወልኩ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ድንጋጤዋን በትንፋሿ ነው ያወቅሁት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአባባ የቤት ሥራ ነበር እላለሁ። እሱ 'አጎትሽ አይዋሽም' ይለኛል። እኔን ይቅርታ አይጠይቁኝ አጎቴ። መጀመሪያ ለእሱ ይንገሩት።"

ነገርኩት። ደብተሩን ማንበቤን፣ አዳራሹን፣ ሸበቶውን ኬንያዊ፣ የልጄን ሳቅ፣ የሰኞውን ምሳ ሰዓት። ሳልደብቅ ነገርኩት። ይርጋ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሳቅ አለ።

"ለምናህ ነው አይደል?" አለኝ። "አውቃለሁ፣ አንተ ሆደ ቡቡ ነህ። ስሟን ለማንጻት በራስህ ላይ መሸከምህ ነው። እግዜር ያክብርህ። ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው።"

"በእግዚአብሔር ስም እልሃለሁ ዋሽቻለሁ" አልኩት።

"አንተ አትዋሽም" አለኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የተሰማኝን እንዴት ልግለጽልህ? ውሸቱን ለማመን አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። እውነቱን ግን ሊያምነኝ አልቻለም፤ ሃያ ሰባት ዓመት የገነባሁት መልካም ስሜ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም አለው። የሷ ስም የታሰረው በእኔ ስም ነው። የእኔ ካልወደቀ የሷ አይነሳም።

ስለዚህ ጻፍኩት። ስሞቹን ያልቀየርኩት በትርሲት ፈቃድ ነው። ማህሌት ከመሄዷ በፊት አነበበችው፤ ስለ ሳቋ ያለውን ልሰርዘው ብላት "ተወው አባ፣ ሆኗል እኮ" አለችኝ። ነገ የመጀመሪያውን ቅጂ ለነፍስ አባቴ እሰጣለሁ፤ ሁለተኛውን ትርሲት በአባቷ እጅ ታኖረዋለች። ከዚያ አሳትመዋለሁ፤ ያነበበ ሁሉ በየአደባባዩ "ያ ሰውዬ አንተ ነህ ወይ?" ብሎ ይጠይቀኝ፤ አዎ እላለሁ።

ደክሞኝ ነበር አልልም። ተማርሬ ነበር፣ ክፉ መንፈስ አሳስቶኝ ነበር አልልም። አንዲት ልጅ ለሃያ ዓመት የደከምኩበትን በስምንት ወር ስለ ደረሰችበት፣ ከዚያም ስላዘነችልኝ፣ ቀናሁባት። ቀንቼ አጠፋኋት። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ ቀን ገና አልደረሰም፤ አባቷ ካመነ በኋላ ነው።

ይርጋ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ፊደሌን ታውቀዋለህ። ልጅህ ጭፈራ ቤት ውላ አታውቅም። ትርሲት አልዋሸችህም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።