በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለው ነጭ

ሽማግሌው ፈረንሳዊ ሞትን ስለው አያውቁም። ይህን የነገሩኝ አሜሪካ፣ ዴንቨር፣ ልጃቸው ቤት፣ ካልሲያቸውን ሳጠልቅላቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮሚክስ፣ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ሲስሉ፣ መሀል ላይም ፊልም ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ፓርኪንሰን እጃቸውን ማንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ቀን ቀን አስታምማቸው ነበር።

«ሰውየውን ድልድይ ላይ አቆመዋለሁ» አሉኝ። «በሚቀጥለው የሥዕል ሳጥን ውሃው ላይ ባርኔጣው ብቻ ይታያል። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለውን ነጭ ቦታ አንባቢው ይሙላው። እኔ ገዳይ አይደለሁም።»

የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው። ገና ጢማቸው ሳይበቅል ፓሪስ ውስጥ ለአንድ የልጆች መጽሔት የሌሎችን ሥዕል ቀለም ሲቀቡ ቆዩ፤ ኋላ የራሳቸውን ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ጀልባ ነጂ፣ ፈጠሩ፣ ልጆችም በየሳምንቱ ይጠብቁት ጀመር። ወደ ፊልም የገቡት በእሱ ሰበብ ነው። የመጀመሪያው ፊልማቸው ተወደደ። በሁለተኛው ላይ ገንዘብ አውጪዎቹ «ጀልባ ነጂው ሲሞት ተመልካች ማየት አለበት» ብለው ድርቅ አሉ፤ እሳቸውም ተሸነፉ። ተዋናዩ ውሃ ውስጥ ሲንፈራገጥ ተቀረጸ። ሲኒማ ቤት ሰው መሀል ላይ እየተነሳ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ካሜራ ነክተው አያውቁም። ይህን ሲያወሩ ዛሬም ደማቸው ይፈላል። እኔም በሆዴ፣ ለአንድ ፊልም ይህን ያህል ዘመን መናደድ ጥጋብ ነው እል ነበር።

ያን ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ታማ ተኝታ ነበር። እሁድ ልበር ትኬት ቆርጫለሁ። ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፤ በሕይወት እንድደርስባት። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ወስጄ የምሰጣት አንድ ገጽ ኮሚክስ ጀመሩላት። እማዬ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች፤ እኔ እያወራሁላቸው እሳቸው ይስላሉ። መስመሩ በእጃቸው መንቀጥቀጥ ይቆራረጣል፣ እርሳሱን ይወረውራሉ፣ በፈረንሳይኛ ይሳደባሉ፣ አንስቼ እሰጣቸዋለሁ።

ረቡዕ ለወንድሜ ደወልኩ። «ተኝታለች፣ ባትቀሰቅሻት ይሻላል» አለኝ። የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስመለስ የአክስቴ ልጅ ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርታማዬ መጣች።

«ስልክሽ ስቶሬጁ ሞልቷል፣ ክሊን ላድርግልሽ» ብላ ፌስቡኬን አጠፋችው። «ቅዳሜ ኦፍ ነሽ አይደል? ከሌላ ሰው ጋር ስዊች እንዳታደርጊ።»

«ቅዳሜማ ሃቫና ስትሪት ካሉት ሱቆች ሄጄ ለእማዬ ፒጃማ ልገዛላት ነው።»

«ጠዋት ቤት ሁኚ፣ አብረን እንሄዳለን» አለችና ዞራ ንጹሑን ብርጭቆ ታጥብ ጀመር።

እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሰው ሁሉ ኦፍ የሚሆንበት ቀን ተጠብቆ፣ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበን ሄደን፣ ሽማግሌ ይናገራል። እኔ ራሴ ስንቱ ሰው በር ላይ እንዲህ ቆሜያለሁ። ለራስ ሲሆን ግን አይታይም።

ዓርብ ዴንቨር ስደርስ ሽማግሌው እንደ ወትሮው አልቀለዱብኝም። የአክስቴ ልጅ ለልጃቸው ደውላ ፈቃድ እንደጠየቀችልኝ፣ ሁለቱም እስከ ቅዳሜ አፋቸውን እንዲይዙ እንደለመነቻቸው ያወቅኩት ኋላ ነው። ገጹ አልቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እማዬ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታሾልክ፣ እማዬ ክር በጥርሷ ስትቆርጥ። ከዚያ ሰፊ ነጭ ቦታ። በመጨረሻው ሳጥን የስፌት መኪናው ብቻ፤ መርፌው ግማሽ የተሰፋ ሸሚዝ ላይ እንደተሰካ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ እንደተገፋ።

«እናቴስ የት አለች?» አልኳቸው።

«እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ» አሉና አለቀሱ።

ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ከወንበራቸው ተነስተው ሊያነሱኝ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ያን ሰዓት ጠላኋቸው፣ አልዋሽም። ግን መድኃኒታቸው ሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ ተነስቼ ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ጥቁር ለብሼ፣ ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግቼ መርዶ ነጋሪዎቹን ጠበቅኳቸው። መኪኖች ፓርክ ሲያደርጉ ሰማሁ፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ኮቴ። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው። የማኅበራችን ሽማግሌ ሊናገሩ የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉት።

«ማነው የነገረሽ?» አለች የአክስቴ ልጅ። «ያ ፈረንጅ ነው አይደል?»

«ማንም አልነገረኝም» አልኩ። እውነቴን ነው።

የማኅበሩ ሽማግሌ ግን የመጡበትን ሳይናገሩ አይመለሱም። እጄን ያዙና «ልጄ፣ እናትሽ ሰኞ ዐርፈው ማክሰኞ ተቀበሩ» አሉኝ።

ማክሰኞ። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት፤ ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ። ረቡዕ ለወንድሜ ስደውል፣ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር ያወራሁት።