ፀሐይ በተጋረደች ዕለት የፈታሁት ፋሻ

የዓይን ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀኑን ሙሉ ያሠሩኝ እጅ መታጠብ ነው። አለቃዬ ሲስተር አልማዝ አጠገቤ ቆመው ያያሉ፤ ጨረስኩ ስል "ድገሚ" ይሉኛል። ወደ ማታ ግን አንድ ነገር ነገሩኝ፦ "ፋሻ ስትፈቺ 'ይታይዎታል ወይ?' ብለሽ እንዳትጠይቂ። ሰው ይሉኝታ አለበት፤ ባያይም አንቺን ላለማሳፈር አዎ ይላል። 'ምን ይታይዎታል?' በይ።"

ክሊኒካችን ከኮተቤ ወደ ካራ ሲኬድ ዳገቱ ላይ ነው። አባባ ወርቁ የመጡት ከእንጦጦ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸው፣ ምራታቸው እጃቸውን ይዛ ነው። ገበሬ ናቸው፤ በገዛ ማሳቸው በሰው እጅ መመራት ሞት ሆኖባቸዋል። "መጀመሪያ ቀኙን ሥሩት፤ ካላየሁበት ግራውን አላስነካም" አሉን።

ቀኙ በተሠራ ማግስት ጠዋት ፋሻውን ፈታሁ። ጣቶቼን ዘርግቼ ምን ይታይዎታል አልኳቸው።

"ሦስት ጣት። ቀለበትም የለሽ፤ አላገባሽም እንዴ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ጠብታ አድርጌላቸው በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸውና መጋረጃው ወደተዘጋው የምርመራ ክፍል ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ምራታቸው ሮጣ መጣች። "ሲስተር፣ ጨለመብኝ እያሉ ነው!"

ክው አልኩ። ከቀዶ ጥገና በኋላ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። የኪስ ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ።

"አየሽ፣ ብልጭ አለና ጠፋ" አሉኝ በቀስታ። "ግራውን ተዉልኝ። ልሂድበት።"

ዓይናቸውን አበራሁበት። አልቀላም፣ ጥርት ያለ ነው። ቀና ስል ግን ለእኔም ግቢው ደብዝዟል፤ አጥሩም መንገዱም አመድ መስሏል። ለካ ሬዲዮው ፀሐይ በከፊል ትጋረዳለች እያለ ሰንብቶ፣ እኔ በሥራ ረስቼዋለሁ።

"አባባ፣ ዓይንዎ አይደለም፤ ፀሐይዋ ናት።"

"ልታጽናኚኝ ነው" አሉ።

ደግፌ አጥሩ ጥግ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ወሰድኳቸው። "ቀና እንዳይሉ፤ እሷን ቀጥታ ማየት ደህናውንም ዓይን ያጠፋል።"

"አታይ ካልሽኝ ታዲያ ለምን ፈታሽው?"

"መሬቱን ይዩ። ምን ይታይዎታል?"

ጎንበስ አሉ። በቅጠሉ መሃል የሾለከው ብርሃን መሬቱ ላይ ተበትኗል፤ እያንዳንዱ ጠብታ የተገመጠች ትንሽ ፀሐይ ነው።

"ማጭድ" አሉ በመጨረሻ። "ትንንሽ ማጭድ። ጫፋቸው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። ላንቺም ይታይሻል?"

"ይታየኛል፣ አባባ።"

"እንግዲያማ ዓይኔ ደህና ነው!"

ደስታው እንባዬን አመጣው። እሳቸው ግን ማጭዶቹ አንድ በአንድ ሞልተው ክብ እስኪሆኑ ከዛፉ ሥር አልነቃነቅም አሉ። ምራታቸው ልትመራቸው እጇን ስትዘረጋ፣ የያዘችውን ፌስታል ተቀበሏትና ቀድመዋት ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው "የግራው መቼ ነው?" ብለው ተጣሩ።

ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ጨለመብኝ ሲለኝ፣ ዓይኑን ከመመርመሬ በፊት መጋረጃውን እገልጣለሁ። ጀማሪ ነርሶች ይስቁብኛል። እስካሁን ውጭው አንዴም ጨልሞ አላገኘሁትም፤ ቢሆንም እገልጣለሁ።