የማይሸጠው ብርቱካን

የገና ዋዜማ ነው፣ አዲስ አበባ። ባዛሩ በር ላይ አንዲት ሴት ብርቱካን ስትልጥ ሽታው ደረሰኝና ወሎ፣ ያደግኩባት መርሳ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ወስዶ አቆመኝ።

ልጅ ሆኜ በየገናው ዋዜማ ከአያቴ ጋር እዚያ እንቆም ነበር። አባቴ የሚሠራው አዲስ አበባ ነበር፤ የምንጠብቀው እሱን ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ብርቱካን ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ወደ መስኮቱ ያነሣሉ፤ አያቴ ግን ቅጠሉ ያልተቀነጠሰ አንድ ብርቱካን ይዘው የሚወርደውን ሰው ፊት ያያሉ። ተሳፋሪ "ስንት ነው?" ሲላቸው፣ "የሚሸጥ አይደለም፤ የልጄ ነው" ይላሉ።

አንድ ዓመት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ወደ ወልድያ ሲያልፍ፣ "አባባ፣ ዘንድሮም ቀረ?" አልኳቸው።

ብርቱካኑን በጋቢያቸው ጠርገው ሰጡኝ። "አትቀየሚው ልጄ። ሰው አገር ነው ያለው፤ ገና መሆኑን የሚነግረው አጥቶ ነው።"

አመንኳቸው።

አሁን ከራሴ በላይ "መልካም ገና" የሚል መብራት ቀይና አረንጓዴ ይብለጨለጫል። ከየሱቁ ዘፈን ይጮኻል፣ ልጆች ፊኛ ይዘው ይሯሯጣሉ። ደስ ይላል፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይጠራል። አያቴ ናቸው። ዛሬ አስፋልቱ ዳር ቆመው የሚጠብቁት እኔን ነው።