የታናሽ እህቴ ፎቅ

መተማ ላይ ሚያዝያ ሲገባ ቤት ውስጥ አይተኛም። የጠፍር አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ነጠላ በውኃ ይነከራል፣ ነፋስ ይጠበቃል። እናቴ ከእኔ ጋር በኖረችባቸው ዓመታት እንዲህ ነበር የምናነጋው። እርጅናው ሲጫናት ግን ሙቀቱን አልቻለችውም፤ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ስለዚህ ሰሊጤን እንደሸጥሁ ፎቅ ልሠራላት ወሰንሁ። ከላይ ነፋስ አለ።

እውነቱን ለመናገር ያስቸኮለኝ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ታናሽ እህቴም ፎቅ ልትሠራ መሆኑን ሰምቼ ነበር። እናቴን እንዳትወስድብኝ ፈራሁ።

ማዘጋጃ ቤት ስሄድ መሐንዲሱ ካርታ ዘረጋልኝ። ከከተማው ዳር ካለው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ጫፍ የሚነሣ፣ እየራቀ ሲሄድ የሚሰፋ መስመር አለ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚመጣው በዚያ ላይ ነው፤ ለማኮብኮቢያው በቀረቡ ቁጥር የሚፈቀደው ቁመት ያንሳል። የእኔ ግቢ ከመስመሩ ውስጥ ነው፣ የእህቴ ከውጭ። የሚለየን መንገዱ ብቻ ነው።

«እርስዎ ከምድር ቤት በላይ አይፈቀድልዎትም» አለኝ።

«እሷስ?»

«እሳቸው ጂ ፕላስ ሁለት ይችላሉ።»

«ኧረ በማርያም! አውሮፕላኑ እኮ ከስንት አንዴ ነው የሚመጣው!»

«ለዚያች አንዴም ቢሆን መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። አቧራ ሲነሣ አብራሪው የእርስዎን ጣሪያ አያየውም።»

ትክክል መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። በአውሮፕላን መናደድ ስለማይቻል በእህቴ ተናደድሁ። ግንቧ ከፍ ባለ ቁጥር ምግብ አልበላ አለኝ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ደጇ ሲቆም ደሜ ይፈላል። ቤቱ ሲያልቅ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኋት፤ አፌን መረረኝ።

ወደ ላይ ከተከለከልሁ ወደ ታች ብዬ ተነሣሁ። ግቢዬን አስቆፍሬ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነ ክፍል አሠራሁ። ቀዝቃዛ ነበርና ኮራሁበት። እናቴን ደግፌ ሳወርዳት ዙሪያዋን አየችና፣ «ምነው ልጄ፣ ሳልሞት ቀበርሽኝ?» አለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው አፈር ውኃ ጠጥቶ አበጠ፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ወለሉ ኩሬ ሆነ። የቆላ ሰው ሆኜ ዋልካ ውስጥ ቤት መቆፈሬን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ሳቀብኝ።

በጋው ተመልሶ የእናቴ ትንፋሽ ሲብስ እህቴ መጣች። «እታለም፣ እኔ ዘንድ ትውጣ፤ ነፋስ አለ» አለችኝ። እምቢ ብል እናቴን ማፈን ነው። አልጋዋን አሸክሜ ላክሁ፤ እኔ ግን አልተከተልሁም።

ብዙ ጊዜ ደረጃውን ሳልረግጥ ቆየሁ። ከግቢዬ ቀና ስል የበረንዳው አጥር ብቻ ይታየኛል። ሳቅ ስሰማ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል። እናቴ የእህቴን ወጥ ወደደችው ያሉኝ ቀን ከሰው ጋር ሳልነጋገር ዋልሁ።

በመጨረሻ አንድ አመሻሽ ላይ ወጣሁ። ላዩ በእርግጥ ይነፍሳል፤ ያም አናደደኝ። እናቴ አንቀላፍታለች። አልጋዋ የተዘረጋው ግን ነፋሱ በሚመጣበት በሱዳን በኩል አይደለም፤ ግድግዳው ነፋሱን በሚከልለው፣ አየር በማይደርስበት የበረንዳው ጥግ ነው።

«አንቺ፣ ለዚህ ነው የወሰድሻት?» አልኋት እህቴን።

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ መች አስቀመጥኋት! በየቀኑ ወደ ነፋሱ አዞራታለሁ፣ በየቀኑ መልሽኝ ትለኛለች። ያንቺ ግቢ የሚታየው ከዚህ ብቻ ነዋ! በልታ ይሆን፣ ለምን ዘጋችኝ ስትል ነው የምትውለው። ፎቅ የሠራሁላት እኔ ነኝ እኮ፣ እታለም!»

በአጥሩ ክፍተት አየሁ። ግቢዬ እስከ ጓዳዬ ደጃፍ ወለል ብሎ ይታያል። እህቴን ላጽናናት ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን አዙሬ ቆምሁ። እናቴን ላብ አጥምቋታል። አልጋዋን ወደ ነፋሱ እንግፋው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።