ጣልያን ያዘዘው በጋ

ዜናው የደረሰኝ ጣልያን በገባ በመጀመሪያው ክረምት መግቢያ፣ የሐዋርያት ጾም ላይ፣ ደጃፌ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ነው። ባሌን ተከትዬ ከመንዝ ኮልፌ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር፤ እሱ ዘምቶ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ቤት የነበርነው እኔና ደረታቸውን የሚያማቸው አማቴ ብቻ ነን።

ጎረቤቴ ጉራጌው ቆዳ ነጋዴ ከአጥር ማዶ ተጣራ።

«እትዬ፣ ሰሙ? ዳገቱን ጣልያን ለድንኳኑ ፈልጎታል። ቤታችሁን አፍርሳችሁ ወንዙ ዳር ሜዳው ላይ ሥሩ ተብለናል።»

«በሰኔ? ጭቃው በምን ይደርቃል?»

«የጣልያኑ ሹም ‹በአገሬ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጠብታ አይወርድም፣ ፀሐይ ነው› ብሏል።»

«ታዲያ ፀሐያቸውን ይዘዋት መጡ?»

«መርከብ ላይ ትሆናለች እትዬ፣ ትደርሳለች።»

የመንዝ ልጅ ነኝና ብርድ ብርቄ አይደለም። የኮልፌ ዝናብ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ትስቅልሃለች፣ ልብስህን አጥበህ ታሰጣለህ፤ ቀትር ሲያልፍ ከወጨጫ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ይነሣና እንደገና ያጥብልሃል። ስለዚህ ሰው ቤቱን የሚመርገው ከመስቀል ወዲያ፣ የጥቅምት ነፋስ ሲመጣ ነው። አስተርጓሚው ይህን ለሹሙ ሊያስረዳ ሞክሮ በጥፊ ተመለሰ። ሰማዩም ለአዲሱ መንግሥት ይገዛል ተብሎ ይሆናል።

አፈረስን፣ ማገር አቆምን፣ ጭቃ አቡክተን መረግን። ሹሙ ነጭ ለብሶ፣ ለፀሐዩ ጥላ አስይዞ እየዞረ «ብራቮ!» ይለናል። ካዘዘው ሁሉ ለወቅቱ የሚሆነው ያ ጥላ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ግድግዳዬ ገና እንደ ሊጥ ነው። በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። አማቴ ሌሊቱን ሲያስሉ ያድራሉ። አንድ ቀን እሳቸውን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቼ ቅዳሴ ሄድኩ። ስመለስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ቤቴ እንደ አጥሚት ፈስሷል። እየጮህኩ ጭቃውን በእጄ ስዝቅ ነጋዴው ክንዴን ይዞ ወደ ዳገቱ አሳየኝ።

አማቴ ከአንድ ያልፈረሰ ጎተራ ሥር፣ በገሳ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ይስቃሉ!

«አንድ ሰው አዝሎ አወጣኝ» አሉኝ። «‹እማማ፣ ጥብቅ አድርገው ይያዙኝ፣ የጣልያን በጋ ያንሸራትታል› ይለኛል። ገሳውን ለኔ ትቶ፣ ራሱ በረዶውን እየበላ ሄደ።»

ፊቱን በደንብ አላዩትም። መስቀልን አይተው፣ ከዚያ ወዲያ በመረግኩት ደረቅ ጎጆ ውስጥ አረፉ፤ እስከ መጨረሻው «ሰውየውን ፈልጊልኝ» እንዳሉኝ። ነጋዴውም ሌላውም አላወቀውም፤ እኔም አላገኘሁትም።

ያን ቀን ወንዙ ዳር የነበራችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ፣ እባካችሁ ማን እንደሆነ ንገሩኝ። ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን ለካህኑ እሰጣለሁ፤ እስላም ከሆነም ስሙን ብቻ ስጡኝ፣ በራሴ ጸሎት አነሣዋለሁ።